በስቱኮ የሞላሁት ተረከዝ

ጡረታ የወጣሁት ሐሙስ ቀን ነው። ቁልፎቹን አስረከብኩ፤ ሰባት ናቸው፤ ከሰባቱ ሦስቱ ምን እንደሚከፍቱ እኔም አላውቅም። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ አንዱን አንስታ "ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ የምንድን ነው?" ስትለኝ "እኔም ስረከብ ይህንኑ ጠይቄ ነበር" አልኳት። ሳቀች፣ ፈረመች፣ ፈረምኩ። የጡረታ ወረቀቱ ገና ሌላ ፊርማ ይፈልጋል አሉኝ። ይፈልግ፤ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል። ከዚያ ወደ በሩ ስሄድ እግሬ እምቢ አለኝና ተመልሼ አንድ ሳንቃ አጠገብ ቆምኩ። የማወራችሁ ስለዚያ ሳንቃ ነው። ሌላ ሌላውም መሀል ላይ ይገባል፤ ዞሬ የምመለሰው ግን እሱ ጋ ነው።

ዲላ ተወልዶ፣ ዲላ አድጎ፣ ዲላ ውስጥ ሙዚየም መኖሩን የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ጎረቤቴ "የት ነው የምትሠራው?" ብሎኝ "ሙዚየም" ስለው "ምን ምን ታመጣላችሁ?" አለኝ፤ ሱቅ መስሎታል። "አሮጌ ነገር" ስለው ከልቡ አዘነልኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስገባ ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ የከተመ አናጢ ነው፤ እኔም ከመላጊያና ከመጋዝ ሌላ ሙያ አልነበረኝም። ሙዚየሙ ሦስት መደርደሪያ አዘዘኝ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። መደርደሪያዎቹን ሳስገባ አንድ ጠና ያለ ሠራተኛ ጠርዙን በመዳፉ እየዳበሰ "ይሄን የሠራ ሰው አይሂድብን" አለ። በዚያው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

ያ ሰው ጋሽ በራሶ ነው። ወናጎ አካባቢ የተወለደ፣ ጌዴኡፋ አፍ መፍቻው፣ ኦሮምኛና ሲዳምኛ የሚሰማ፣ አማርኛው ረጋ ያለ ሰው። እርሳስ ከጆሮው ላይ አይጠፋም። ላጲሱን ደግሞ በክር አስሮ ከሸሚዙ ቁልፍ ላይ ያንጠለጥላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳየው "ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?" ብዬ ነበር።

አንድ ዕቃ ሲመጣ ጋሽ በራሶ ቶሎ አይጽፍም። መጀመሪያ ባለቤቱን "እስቲ አሳየኝ" ይላል። "ንገረኝ" አይልም፤ "አሳየኝ" ነው የሚለው። የማር ቀፎ ያመጣ ሰውዬ ግቢያችን ውስጥ ያለው ዋንዛ ላይ አስወጥቶታል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። ሰውዬው ቀፎውን ሲሰቅል በግራ እጁ የሚደግፍበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ለስልሶ ተገኘ። "አየህ ወልዴ፣ ይሄን በአፉ አይነግረኝም ነበር። እሱ ራሱ መች ያውቀዋል?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው በእርሳስ የሚጽፈው። ጽፎ ሲጨርስ ባለቤቱን ያስጠራና ጽሑፉን ጮክ ብሎ በቋንቋው ያነብለታል። ባለቤቱ ፊቱን ካኮሳተረ ላጲሱ ይሠራል። አንዴ ስለ አንድ ሽማግሌ በትር የተጻፈች አራት መስመር ዘጠኝ ጊዜ ሲያጠፋ አይቼ "ጋሽ በራሶ፣ ኧረ ወረቀቱ ሊቀደድ ነው!" አልኩት። "ሰውዬው ሳይሰማ ስለ ሰውዬው መጻፍ ማማት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?" አለኝና አሥረኛውን ጀመረ።

አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ግድግዳውን ሁሉ አረንጓዴ ካልቀባችሁ ብሎ አስጨነቀን። ሌላው ኤግዚቢሽን ማለት ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ይመስለው ነበር። መሀል ላይ ሁለት ዓመት ፍስሐ ገነት ከተማ ተመደብኩና የጽሕፈት ቤት ወንበር ስጠግን ኖርኩ። ስለ ደመወዙ ባናነሣው ይሻላል። ግን ሬኮ ከሚባለው ቦታ ጀምሮ ያለውን የእግር መንገድ ሁሉ አወቅሁ፣ ጌዴኡፋዬም ዳነ። ስመለስ ጋሽ በራሶ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ሊወጣ ነው። በመጨረሻው ቀን ላጲሱን ከነክሩ ፈትቶ ሰጠኝ። እኔም ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ኋላ መሳቢያዬ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ አዳራሽ ማለት የትክል ድንጋይ ፎቶ፣ ጋሻ፣ ጦርና በትር ነበር። ዶክተር ምሕረት የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ተቀጥራ ነበርና የመጀመሪያው ቀን አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞራ አይታ "ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ቤት ሴት የለችም እንዴ?" አለችኝ።

"ጽዳቷ አለች" አልኳት፤ ቀልዴን ነው። አልሳቀችም።

"ይሄ ሁሉ ሕዝብ በዚህ ተዳፋት ላይ ምን በልቶ ነው የኖረው? ማነው ያበላው? እሱ ታሪክ አይደለም?" አለች። እንዲህ ተብሎ ነው የእንሰት መፋቂያ ሳንቃ ፍለጋ ኮንጋ ወደሚባል መንደር የወረድነው።

ሳንቃው እንዲህ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ሳንቃው ፊቷ ዘንበል ብሎ ይቆማል። የእንሰቱን ልጥ ሳንቃው ላይ ታነጥፍና ጫፉን በአንድ ተረከዟ ረግጣ ትይዛለች፤ ከዚያ በሁለት እጇ በቀርከሃ መፋቂያ ወደታች ትፍቀዋለች። ቆጮ የሚሆነው ያ የተፋቀው ነው። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ዛሬ ስለማውቀው ነው፤ ያኔ አላውቅም። እኔ በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ፣ በእናቴም ዘመዶች ዘንድ ቢሆን፣ እንሰት ሲፋቅ ወንድ ድርሽ አይልም። ቆጮ እየበላሁ ነው ያረጀሁት፤ ሲፋቅ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በሙዚየሙም ዕቃ የምንነካው ሁላችን ወንዶች ነበርን። ጽዳቷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም።

የሳንቃው ባለቤት እማማ ብርቄ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ለነገር የማይመለሱ ሴት። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን እንዳዩኝ "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" አሉኝ፤ እስከ ዛሬም "አንቺ" ነኝ። ሳንቃው የእናታቸው ነበር። ዶክተር ምሕረት የድምፅ መቅጃዋን ከፍታ ከፊታቸው አስቀመጠች፤ እሳቸውም በጌዴኡፋ ማውራት ጀመሩ። መተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ደመናው ከወደ ይርጋጨፌ ጠቆረ፣ መንገዱ ጭቃ ከሆነ መኪናዋ አትወጣም። "የእናታቸው ነው ይላሉ፣ የቀረውን ኋላ እተረጉመዋለሁ" ብዬ ሳንቃውን ተሸክሜ ወጣሁና መኪናው ላይ ሳስር ቆየሁ። "እስቲ ያሳዩኝ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ነውር ይሆናል ብዬ ዋጥኳት፤ ዝናቡም ምክንያት ሆነኝ። የስድስት ወር የውሰት ወረቀት ላይ በጣታቸው ፈረሙልንና ሄድን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከዚህ ወዲያ መሸሻ የለኝም።

ሳንቃውን ክፍሌ አስገብቼ ሳየው ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ጎድጓዳ አለው። ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ ከስሩ ክብ። አናጢ ዓይን ምን ያያል? ብልሽት ያያል። "ምስጥ የጀመረው ነው፣ ወይ ደግሞ ተመትቶ ነው" አልኩ። መክፈቻው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ዶክተር ምሕረት አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዳለች፣ አለቃው "እንግዶች ስለሚመጡ ነገሩ ሁሉ ያማረ ይሁን" ብሏል። የዋንዛ ብናኝ በኮላ ለውሼ ስቱኮ አዘጋጀሁና ጎድጓዳውን ሞላሁት። ሲደርቅ በሸካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ቀለሙ እንዲመሳሰል የሻይ ቅጠል ውኃ አጠጣሁት። በላዩ ሁለት እጅ ቫርኒሽ። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ የተዋጣለት ጥገና ሠርቼ አላውቅም! ጣታችሁን ብታስኬዱበት የት እንደነበር አታገኙትም። ኮራሁ። እናቴን ይንሳኝ፣ ኮራሁ።

ዶክተር ምሕረት በመክፈቻው ጠዋት ነው የደረሰችው። ሳንቃው ሲያብረቀርቅ አይታ ጎንበስ አለችበት፤ ከዚያ "ጋሽ ወልዴ፣ ያው እሱ ነው?" አለች። ያደነቀች መስሎኝ "ራሱ ነው!" አልኩ።

እማማ ብርቄ ከሦስት ጎረቤቶቻቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ፤ ነጠላቸው አዲስ ነው፣ የመታጠፊያው መስመር ገና አልጠፋም። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እሳቸው ለንግግሩ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቀጥ ብለው ሳንቃው ጋ ሄዱና ተንበርክከው የልጅ ልጃቸውን እጅ ያዙ። ሊያሳዩዋት ነው። የልጅቷን መዳፍ ከላይኛው ጫፍ ላይ፣ ወደ ግራ፣ አሳረፉት። ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ አደረጉት። ከዚያ መዳፏን ለቀው በራሳቸው ጣት መፈለግ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።

ዞረው አዩኝ። "የት አደረግሽው?" አሉኝ።

"ምኑን፣ እማማ?"

"እግሯን።"

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። አልገባኝም፤ ግን አንድ መጥፎ ነገር እንደሠራሁ አወቅሁ። እማማ ብርቄ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። "ሳንቃዬን ስጪኝ" አሉ። አለቃው "የስድስት ወር ውል አለ" እያለ ሲንተባተብ መውጫ ወረቀቱን በራሴ ስም ፈርሜ ሳንቃውን ራሴ እስከ መነኻሪያው ተሸከምኩላቸው። ለዚያች ፊርማ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ። ፋይሌ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከዶክተር ምሕረት ጋር ቁጭ ብለን ቅጂውን ሰማን። እኔ መተርጎም የነበረብኝን ማለት ነው። የእማማ ብርቄ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ እናቴ ዳንሴ የሞተችው እኔ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ፎቶ የላትም። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ግን ስፍቅ ተረከዜን የእሷ ተረከዝ የቆፈረው ቦታ ላይ አሳርፋለሁ፤ ያን ጊዜ እናቴ ከሥሬ እንደተቀመጠች ይሰማኛል። ይህን ሲሉ ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ወንድ "ገመዱን አጥብቀው! ዝናብ መጣ እኮ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ነኝ። ዶክተር ምሕረት መቅጃውን ዘጋችና ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። "እኔም ቀድሜ ማስተርጎም ነበረብኝ" አለች። ነበረባት፤ ግን ስቱኮውን ያቦካው የእሷ እጅ አይደለም።

ወናጎ ሄድኩ። ጋሽ በራሶ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት፤ የሻይ ቅጠሉን ጭምር። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"አሳዩኝ ብለሃቸው ነበር?"

"አላልኩም።"

"እንግዲያው አሁን ሂድና በላቸው።"

"አሁን? ምን ፊት አለኝና?"

"ፊትህን ምን ይሠሩበታል? እጅህን ይዘህ ሂድ" አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት መሮዬን፣ ጨርቅና ማሞቂያ ይዤ በሞተር ኮንጋ ወረድኩ። እማማ ብርቄ ጓሯቸው ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ይፍቃሉ፤ በሌላ ሳንቃ፣ በተዋሱት። ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ "እማማ፣ እስቲ ያሳዩኝ" አልኩ። ሴቶቹ ወንድ ማየታቸው ገርሟቸው መፋቂያቸውን አቆሙ። እማማ ብርቄ መፋቂያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ የእኔን ጥፋት የተሸከመውን ሳንቃ ከቤት አስወጡና ተቀምጠው ተረከዛቸውን ከፍ አድርገው ላዩ ላይ አኖሩት። ተንሸራተተ። ቫርኒሽ ነዋ! እንደገና አኖሩት፣ እንደገና ተንሸራተተ። "አየሽ?" አሉኝ። አየሁ።

መሮውን ሳወጣ "ብረት አይነካትም" አሉና የራሳቸውን የቀርከሃ መፋቂያ ሰጡኝ። ልክ ነበሩ፤ ብረት ስቱኮውንና የድሮውን እንጨት ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም ይበላል። ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሬ እጭንበታለሁ፣ ኮላው ይላላል፣ በቀርከሃው ጫፍ እንደ ፍርፋሪ አነሣዋለሁ። ጥፍር የሚያህል ለማንሣት ግማሽ ቀን። አሮጌው እንጨት ጋ ስደርስ የሚታወቀኝ በጠረኑ ነው፤ የእንሰት ኮምጣጣ ሽታ ሲመጣ አቆማለሁ። ግን የጎድጓዳው ልክ የት ድረስ ነው? በብርጭቆ ወረቀቱ ጠርዙን በልቼዋለሁ፣ ፎቶ አላነሣሁት፣ አልለካሁት። ያለኝ መለኪያ የእማማ ብርቄ ተረከዝ ብቻ ነው። በየቅዳሜው ማታ ከመሄዴ በፊት ይቀመጡና ተረከዛቸውን ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ "ገና ነው" ይላሉ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ሸሹኝ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ሳቁብኝ፣ በአምስተኛው ለመዱኝ። "ዛሬ ሴትዮዋ መጣች!" ይላሉ ከሩቅ ሲያዩኝ። አንዷማ ቀሚስ ልታለብሰኝ ቃል ገባች። እኔም "ልኬን ታውቂያለሽ?" እላለሁ። ቤቴ ስመለስ ግን ጀርባዬ ብቻ አይደለም የሚያመኝ። የሰው እናት ሁለት ጊዜ ሞተች፤ ሁለተኛውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ለሚስቴም አልተናገርኩም።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ እማማ ብርቄ ተረከዛቸውን አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። "ልክ እሷ አይደለችም" አሉ በመጨረሻ። "ግን ቀርባለች። በቃ ተዪው፣ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ።" በዚያው አንድ ልጥ አንጥፈው መፋቅ ጀመሩ፤ እኔም ቦታዬ ስላልሆነ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አለፈ። በሙዚየሙ አሁን ካሜራው ዕቃውን ዙሪያውን አንሥቶ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጥሩ ነው፣ ያኔ ቢኖር ብያለሁ ስንቴ። ዶክተር ምሕረት ጌዴኡፋ ተምራ ከእኔ በላይ ታወራለች። ዘንድሮ ስለ እንሰትና ቡና ጓሮ ታሪክ አዲስ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ ሳንቃ ያስፈልጋል። ኮንጋ ሄዳ እማማ ብርቄን ለመጠየቅ አፈረች፤ እኔም ከእሷ ብሼ አፈርኩ። እሳቸው ራሳቸው ሰምተው ኖሯል፤ በልጅ ልጃቸው አስይዘው ከነሳንቃው መጡ። "ወገቤ እንቢ ብሏል፣ ከእንግዲህ አልፍቅም" አሉ። ቫርኒሹ ከጎድጓዳው ዙሪያ ጠፍቶ የእንሰት ጥቁረት ተመልሶበታል። ጎድጓዳው ከበፊቱ ሰፍቷል፤ የእሳቸው ስምንት ዓመት ተጨምሮበታል።

ጽሑፉን እኔ ልጻፍ አልኩ። ቁልፍ ካስረከብኩበት ሐሙስ በፊት የነበረው ማክሰኞ ነው። የጋሽ በራሶን ላጲስ ከመሳቢያዬ ፈልጌ አወጣሁና በእርሳስ ጻፍኩ። ከዚያ እማማ ብርቄን ወንበር ላይ አስቀምጬ ጮክ ብዬ በጌዴኡፋ አነበብኩላቸው፦ "የእንሰት መፋቂያ ሳንቃ፣ ኮንጋ። የወይዘሮ ዳንሴ፣ ኋላም የልጃቸው የወይዘሮ ብርቄ። ላይኛውን ጎድጓዳ የሠራው የሁለቱ ተረከዝ ነው። የሙዚየሙ አናጢ ወልዴ ሳይጠይቅ በስቱኮ ሞልቶ አበላሽቶት ነበር።"

ዶክተር ምሕረት "ጋሽ ወልዴ፣ ስምህን እንኳ ብንተወው" አለች ቀስ ብላ። እምቢ አልኩ።

እማማ ብርቄ ፊታቸውን አኮሳተሩ። የጋሽ በራሶን ሥርዓት አውቃለሁና ላጲሱን አነሣሁ። እጄን ያዙኝ።

"አታጥፊው። ጨምሪበት።"

"ምን ልጨምር፣ እማማ?"

"ያበላሸሽው ብቻ ነው እንዴ የሚጻፈው? የመጣሽውስ? አሥራ አንድ ቅዳሜ አልመጣሽም?"

እርሳሱን ለዶክተር ምሕረት አቀበልኳት፤ እሷ ጻፈችው። እማማ ብርቄ ሥርዓቱ ገብቷቸዋልና "አንብቢልኝ" አሉኝ። ጀመርኩ፤ ስሜ ያለበት ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"ጮክ በይ" አሉኝ፣ "አልሰማሁም።"